ደንባራ መስኮቱ ጋ ስትደርስ

ሰኞ፣ የካቲት 9

ደንባራ ዛሬም መስኮቱ ጋ ስትደርስ ከመስመር ወጣች። ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ወለሉ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ ያንን እየተከተለች ባሌን በገመድ እንድትመራው የሠራኋት፣ በባትሪ የምትሄድ ትንሽ ጋሪ ናት። ወደ ደረጃው ይዛው ሄደች። ሮጬ እጁን ያዝኩት። እሱ ይስቃል! «ምን ዓይነት መሪ ነው የሰጠሽኝ?» ስሟንም ያወጣላት እሱ ነው። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ የሚያስቀው የሷ ነገር ብቻ ነው።

ማታ እትዬ፣ ታላቅ እህቱ፣ ደወለች። «አንቺ ሥራ ስትውዪ አንድ ቀን ከደረጃው ይወድቅብናል። እሑድ መጥቼ እወስደዋለሁ።» ለምኜ ለምኜ... እስከዚያ ብቻውን መሄድ ከቻለ ይቅር አለች። የሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። ባይሳካስ?

ማክሰኞ፣ 10

የደንባራ ሆድ ሥር ያሉት ሴንሰሮች ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካሉ። ነጩ ወለል ይመልሰዋል፣ ጥቁሩ ፕላስተር ይውጠዋል፤ መንገዷን የምትለየው በዚህ ነው። ፀሐይም ያንኑ ብርሃን ይዛ ትገባና ሁሉም ነጭ ይሆንባታል። የሴንሰሮቹን መብራት አጠነከርኩት። ባሰባት! «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» አለኝ።

መጋረጃ ልሰቅል ነበር። «ተይ» አለ። «ከዚህ ቤት የቀረችኝ ያቺ መስኮት ናት። ነጣ ብላ ትታየኛለች።» መጋረጃውን አጥፌ መለስኩት።

ረቡዕ፣ 11

ሴንሰሮቹን በጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ ጋረድኳቸው። ያው ናት። ቱቦውን አስረዘምኩት። ያው! ወለሉ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ እሱ እንዳይሰማኝ ክንዴን ነክሼ።

«አንቺዬ፣ ወጣ ብለን ትንሽ አየር ብንቀበል?» አለኝ ከአልጋው።

«ቆይ፣ ደንባራ ትወስድሃለች» አልኩት።

ሐሙስ፣ 12

ምንም። ቀኑን ሙሉ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስፈታ፣ ስገጥም። ሁለቴ ጠራኝ። «መጣሁ፣ መጣሁ!» አልኩ። ከዚያ በኋላ አልተጣራም።

ዓርብ፣ 13

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል... ያንኑ የማይታይ ብርሃን የሚልከውን የቴሌቪዥን ሪሞት ከቱቦው ጀርባ ይዤ ተጫንኩና፣ ብርሃኑን ማየት በሚችለው በስልኬ ካሜራ አየሁት። ብርሃኑ ቱቦውን አልፎ ቦግ! ለኔ ዓይን ጥቁር የሆነው ፕላስቲክ ለዚያ ብርሃን የመስኮት መስታወት ነው ለካ። በመስታወት ነው ስጋርዳት የከረምኩት! ቱቦውን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቀለልኩት። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ ወለሉን ሞልታው፣ ደንባራ አለፈች። ደግሜ ሞከርኩ። አለፈች! እየጮህኩ ነገርኩት።

«እሰይ» አለ። እሰይ ብቻ።

እሑድ፣ 15

እትዬ መጣች። ገመዱን ይዞ ተነሳ። መስኮቱን አለፉ፣ ደረጃውን አለፉ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቀጥ። እትዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በቃ፣ አልወስደውም! አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ!»

እሱ ግን «ልሂድ» አለ።

ምን?

«ሳምንቱን ሙሉ እቤት ነበርሽ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «ሰኞ ልወድቅ ስል ነው ለመጨረሻ ጊዜ እጄን የያዝሽው። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው የምሄደው። አላየሽኝም።»

ልብሱን እትዬ አጠፈችለት። እጁን ይዛው ወጣች።

ሰኞ፣ 16

ሥራ አልገባሁም። ቤቱ ጭር ብሏል። ደንባራን መስመሯ ላይ አስቀመጥኳት፣ ገመዷን ያዝኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ነጣ አለብኝ... ይሄን ነበር የሚያየው።

ቆምኩ። ገመዱን ለቀቅኩት። ደንባራ ሳትደነብር ብቻዋን እስከ በሩ ሄደች።