እምቢ ያልኩበት እሁድ

ኖቬምበር 4፣ ቅዳሜ

ባቄላ ቀቀልኩ፣ ለአስራ አንድ ሰው። ሩፉስ ጨው በዛበት አለ፣ ሁለት ሳህን በላ። የቦምብ ፋብሪካ መሐንዲስነቱን ጥሎ የመጣ ሰው በእኔ ጨው ይጨቃጨቃል! ነገ ስብሰባ አለ። ስልክ ይግባ፣ አይግባ... ሩፉስ በረዶው መጥቶ መንገዱ ሳይዘጋብን ይግባ ይላል።

ኖቬምበር 5፣ እሁድ

እምቢ አልኩ!

እዚህ እርሻ ላይ አንድ ሰው እምቢ ካለ ነገሩ ይቀራል። እጅ ቆጠራ የለም። ደንቡን ያመጣው ኤሳ ነው። "ውጭ ያለው አሜሪካ ከመቶ አምሳ አንዱ አርባ ዘጠኙን እየረገጠ ይኖራል። ያንን ሸሽተን መጥተን እዚህ ልንደግመው ነው?" ይላል ሁሌ። ለመንግሥት የታማኝነት መሐላ አልፈርምም ብሎ ከአስተማሪነቱ የተባረረ ሽማግሌ ምን ይባላል።

እኔ ግን በሦስት ዓመት አንድ ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ሩፉስ እንደ ልማዱ በየተራ ጠየቀ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ... እኔ ዘንድ ደረሰ።

"ቨርሊን?"

"አልፈልግም።"

"ለምን?"

"ሃርለን ቁጥሩን ያገኘዋል።"

"ሴትዮ፣ ሃርለን እኮ ሌላ ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው! ስልክሽን ምን ሊያደርገው?"

ሳቁ። ኤሳ ብቻ አልሳቀም። "አልፈልግም አለች። አበቃ።" በቃ፣ ቀረ።

እውነቱን ልጻፈው፣ ማን ያየዋል... ሃርለንን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሚስቱ ሆኜ እሱ ቤት ስኖር መጋረጃው ምን ቀለም ይሁን ብሎ እንኳ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ የእኔ አንድ ቃል አስር ሰው አቆመ። ወጥቼ ዶሮዎቹ መሀል ብቻዬን ሳቅሁ።

ኖቬምበር 14፣ ማክሰኞ

በረዶ። ኤሳ መንግሥት የገባበትን ጦርነት የምትቃወመውን ያቺን ጋዜጣውን ሲያትም እኔ ወረቀት ሳጥፍለት ዋልን።

"ምነው ገረጣህ?"

"ሽማግሌ ምን ቀለም እንዲኖረው ነው የፈለግሽው?"

ቀጥሎ ደግሞ... "እዚህ አገር ሰው ሳሙና ይመርጣል፣ መኪና ይመርጣል። እንዴት መኖር ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። አንቺን ጠየቁሽ፣ መለስሽ።" እጄን መታ መታ አደረገኝ። ሊያስለቅሰኝ ነበር፣ ይሄ ሰውዬ።

ኖቬምበር 22፣ ረቡዕ

ኤሳ ሞተ።

ኖቬምበር 24፣ ዓርብ

ትናንት የምስጋና ቀን ነበር። ኤሳ "ከነባሮቹ ሕዝቦች በተቀማ መሬት ላይ ምን ምስጋና" ስለሚል እኛ አናከብርም። አገሩ ሁሉ የበዓሉን የቱርክ ዶሮ ሲበላ እኛ ባዶ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን።

ረቡዕ ጠዋት የማተሚያው ድምፅ ቀጥ አለ። ስገባ ወለሉ ላይ ነው። "ቨርሊን፣ ላም ደረቴ ላይ ተኝታለች መሰለኝ" አለ። ቀልደኛ... መኪናው በብርዱ አልነሳ አለ። ሩፉስ ስልክ ያለው ጎረቤት ጋ በረዶውን እየጣሰ ሮጠ። አራት ማይል። ከወጣ ሁለት ሰዓት አልፎ ነው አምቡላንሱ የደረሰ። ኤሳ የጠበቀው አንዱን ሰዓት ብቻ ነው። ራሱ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ሩፉስ እንጨት እየፈለጠ፣ ሳያየኝ፣ "የስልኩ ነገር የሁላችንም ውሳኔ ነበር" አለ። ምነው በሰደበኝ!

ኖቬምበር 26፣ እሁድ

ከፖም ዛፎቹ ጀርባ ቀበርነው። የኤሳ ሴት ልጅ ኮንስታንስ ከክሊቭላንድ መጣች። ጥሩ ካፖርት፣ የቀላ ዓይን። ወጥ ቤቱ መሀል ቆማ፣ "አስራ አንድ ሰው በዚህ ተራራ ላይ ያለ ስልክ? ማነው የከለከለው?" አለች።

ሩፉስ "ሁላችንም..." ሲል አቋረጥኩት። "እኔ ነኝ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ትክ ብላ አየችኝ። "እርስዎ ነዎት እንግዲህ።" ከቦርሳዋ ደብዳቤ አወጣች፣ ኤሳ እኔ እምቢ ባልኩበት እሁድ የጻፈላትን። ቆማ አነበበችልኝ።

"ደረቴን ሲወጋኝ ሰንብቷል፣ ስልኩ ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ጓደኛዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለች። ብታያት! ስለ ደረቴ ብነግራት ቃሏን ታጥፋለች። ዝም አልኩ።"

አንተ ሞኝ ሽማግሌ... ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቃሌ ይታጠፍ! የእኔ ቃል ምንድን ነው?

ደብዳቤውን አልሰጠችኝም። ልክ ናት፣ የሷ ነው።

ዲሴምበር 10፣ እሁድ

ስልኩ ሐሙስ ገባ። ስብሰባ አልተጠራበትም።

የዛሬው ስብሰባ ስለ ሌላ ነገር ነው። ሩፉስ በየተራ ጠየቀ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ... እኔ ዘንድ ሲደርስ ለታመመ ሰው እንደሚያወሩት ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቨርሊን?"

"እሺ" አልኩ።

በኋላ ሳህን ሳጥብ አጠገቤ የምታደርቀውን ልጅ፣ ጁንን፣ ጠየቅኋት። "ምንድን ነበር የወሰንነው?"