ለናካቶ ወተት ዋስ ሆንኩ

ወንድሜ ሽፋ፣

ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ላሜን ራሴ አልባለሁ፣ ይኸው ይህን ፖስት ካርድም ያለ ጸሐፊ እጽፋለሁ። ቡታጅራ ልጄ አደይ ቤት ነኝ። ጓዳዋን የተከራየችው ናካቶ የምትባል የዩጋንዳ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ናት፤ ለወተት ጥናት መጥታ ወተት በእጥፍ ዋጋ ትገዛለች። እኛ አገር ቆሼ እንግዳ ወተት ይጠጣል እንጂ መች ይገዛል? የሰፈሩ ሴቶች ወተቱን ሁሉ ለእሷ እየሸጡ ወተት አዋጥተው ዕጣ የወጣላት ቅቤ ለምታወጣበት ዕቁባቸው የሚያዋጡት ጠፋ። የአደይ የመስቀል ቅቤ ሊቀር ሆነ።

ተቆጣሁ። «አንቺ ልጅ፣ ገንዘብሽ ቅቤያችንን በላው! የምትገዢውን አምጥተሽ ዕቁቡ ውስጥ ጨምሪ!» አልኳት።

«እሺ አባባ» አለች፣ ገባች።

የዕቁቡ ዳኛ «ዋሷ ማነው?» ብላ ስትጠይቅ ሴቶቹ እኔን እያዩ ሳቁ። ደረቴን ነፍቼ «እኔ ነኛ!» አልኩ። የመጀመሪያው ዕጣ ለማን ይውጣ? ለናካቶ! በሳምንቱ ከትምህርት ቤቷ በአስቸኳይ ተጠርታ፣ ይህን ካርድ ሰጥታኝ ቅቤዋን ይዛ ሄደች።

አደይ «አባዬ፣ እኔ አዋጣላታለሁ» ብትል እምቢ አልኩ። እባክህ ላሜን ከነጥጃዋ ከቆሼ እየነዳህ ና፤ የናካቶን ቀሪ መዋጮ ራሴ አልቤ እከፍላለሁ። ሚስትህን ኡሚንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ካርዱ ሊሞላ ነው፤ ዕዳዬን ግን ስማ። የናካቶ ወተት አለብኝ፣ አደይ የከፈለችልኝ የአውቶቡስ ሂሳብ አለ፣ ያንተ ጃንጥላም እኔ ዘንድ ነው። ናካቶ ደግሞ ከምትገዛው ወተት በየማታው አንድ ብርጭቆ አፍልታ ትሰጠኝ ነበር። ዩጋንዳ በየት በኩል እንደሆነ ባላውቅም እሱንም ራሴ እከፍላለሁ።