አንድ ሰው የቀረው ፕሪሚየም

ሰኞ፣ የካቲት 14

ሁልጊዜ ክራባት የሚያደርገው ደንበኛችን፣ ክራባቱ የምለው፣ ዛሬም ከኋላ አልቀመጥም አለ። ገላን ኮንዶሚኒየም በር ላይ ሁለት ታክሲ አሳልፎ የእኛን ጋቢና ጠበቀ። ከሾፌር ጎን ካልተቀመጠ ሱሪው ይጨማደዳል መሰለኝ። "ቢዝነስ ክላስ እየገባ ነው፣ መንገድ ልቀቁ" አልኩ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ እሱ ብቻ አልሳቀም። ሾፌራችን ጋሽ ሽፈራው "አንተ ልጅ፣ ይኼ ምላስህ አንድ ቀን ያስመታሃል" አሉኝ።

"እስከዚያው ግን እያበላን ነው" አልኳቸው።

እውነቴን ነው፣ የወያላ እንጀራ ምላሱ ነው። ባቡሩ ከመጣ ወዲህ ቃሊቲ ላይ ሰው በምላስ ካልተያዘ በምንም አይያዝም። ታክሲው ባዶውን ቆሞ "አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!" እላለሁ። ሰውየው ሮጦ ይገባል። ውስጡን ሲያይ እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ ግን ተመልሶ የሚወርድ የለም። አንዴ ከተቀመጠ ተቀመጠ።

ሰሞኑን አፌ ላይ ቢዝነስ ክላስ የበዛው በእማዬ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ስዊድን ትሄዳለች። እህቴ ሰናይት የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው፣ እማዬ ልታርሳት ነው። ችግሩ እግሯ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ደረጃ ላይ ወድቃ ቀኝ እግሯ ውስጥ ብረት አለ፣ ጉልበቷም በደንብ አይታጠፍም። ሐኪሙ "ብዙ ሰዓት እግርዎን አንጠልጥለው ከተቀመጡ ደም ሊረጋ ይችላል። እግርዎን ዘርግተው ከሆነ ይሂዱ፣ ካልሆነ ግን ቢቀሩ ይሻላል" ብሏታል። ሰናይት ያላትን ሁሉ አራግፋ ወንበሩ አልጋ የሚሆንበትን ትኬት ቆረጠችላት። ፕሪሚየም ይባላል። ፎቶውን ልካልኛለች። አንዲት ሴትዮ ነጭ ብርድ ልብስ ለብሳ፣ እግሯን እስከ ጥግ ዘርግታ ሰማይ ላይ ተኝታለች።

እማዬ ፎቶውን ትክ ብላ አየችና "ምኗን ነው ያመማት?" አለች።

ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ያሰማሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 15

ቤታችን መጋዘን ሆኗል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ አንድ ጥንድ የሕፃን ካልሲ። የማላውቀው ሰው ለማላውቀው ልጅ የላከው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። "ፕሪሚየም የሚሄድ ሰው ሻንጣው አይመዘንም" ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ አፌ ላይ መጣ፣ ተናገርኩት።

ከሥራ ስመለስ ሁለቱን ሶፋ ፊት ለፊት ገጥሜ አውሮፕላን ሠራሁ። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ ሁሉ ነገር። የእማዬን ሻሽ አንገቴ ላይ አስሬ አስተናጋጅ ሆንኩ። "እመቤቴ፣ ጭማቂ ወይስ ለስላሳ?" ጎረቤታችን እትዬ ሰዓዳ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሳቸው በሰቃ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ፣ የወሎ ሰው ናቸው፣ ሲስቁ ግቢው ይሰማል።

"በይ ተጋደሚ፣ ልምምድ ነው" አልኳት እማዬን።

"ሰው ፊት?"

"አውሮፕላኑ ውስጥስ ሰው የለም እንዴ?"

"ምን ዓይነት ሰው ነው ያለው?"

"የተከበረ ሰው ነዋ። ነጋዴ፣ ባለሥልጣን፣ ክራባት ያደረገ ሁሉ።"

የሽሮውን ላስቲክ አነሳችና ማሰር ጀመረች።

ሶፋው ላይ እትዬ ሰዓዳ ተጋደሙበት። "ወላሂ እኔም ለሐጅ ስሄድ በዚህ ነው" አሉ። "ይኼ ወገቤ እንኳን እዚያ ድረስ ሳሪስ ድረስም አያስቀምጠኝ። ጂዳ ላለው ልጄ እነግረዋለሁ።"

"ከእኔ ጋር ሳሪስ ሲሄዱ ጋቢና ነው የማስቀምጥዎት" አልኳቸው።

"ያንተ ጋቢና ሞተሩ ቂጥ ይጠብሳል" አሉኝ። አልዋሹም።

ረቡዕ፣ የካቲት 16

ጋሽ ሽፈራውን አስፈቅጄ ቦሌ መንገድ ትኬት ቢሮ ሄድኩ። የሄድኩት ስለ ሻንጣው ልጠይቅ ነበር፣ ውሸቴ እውነት ሆኖ ከተገኘ ብዬ። ምነው ባልሄድኩ።

ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ክራባቱ ነው። ደረቱ ላይ ዳዊት የሚል ተለጥፏል።

"ገላን፣ ጋቢና" አልኩት።

አየኝ። አልሳቀም። "ተቀመጥ" አለኝ። የትኬቱን ቁጥር አስገብቶ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ አየ።

ሁለት አውሮፕላን ነው የምትሄድበት አለኝ። የመጀመሪያው እስከ ዓረብ አገር ነው፣ እሱ አልጋ አለው። ሁለተኛው ረጅሙ፣ የሌሊቱ፣ የሌላ ካምፓኒ ነው። እሱ አልጋ የለውም።

"እንዴት የለውም? ፕሪሚየም ነው የሚለው።"

"እነሱም የራሳቸውን ፕሪሚየም ነው የሚሉት።"

"ወንበሩስ?"

"ወንበሩ እንደ ሌላው ወንበር ነው። ግን ከፊት ነው። ምግቡ ይሻላል። ከኋላ ደግሞ መጋረጃ አለው።"

"መጋረጃ።"

"አዎ።"

"መጋረጃው እግር ያዘረጋል?"

ፎቶውን አሳየሁት። ፎቶው የመጀመሪያው አውሮፕላን ነው አለ። ከሥሩ እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ሊለያይ እንደሚችል ተጽፏል። ጽሕፈቱ የጉንዳን እግር ያክላል። ስሞቹን አስዘረዘርኩት። ፈርስት አለ፣ ቢዝነስ አለ፣ ፕሪሚየም አለ፣ ኢኮኖሚ ፕላስ አለ፣ ኢኮኖሚ አለ። አንዱ ካምፓኒ አልጋውን በሚጠራበት ስም ሌላው መጋረጃውን ይጠራበታል።

"ዝቅተኛ የሚባል የለም?" አልኩት።

"ዝቅተኛ ተብሎ ማን ይገዛል?"

እህቴ ሳታነብ የገዛችው ቸኩላ እንደሆነ ነገርኩት። ሁለት መቀመጫ ብቻ ቀርቷል የሚል ቀይ ጽሑፍ መጥቶባት ነበር። ዳዊት ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ "እሱማ ሁሌም ነው የሚለው" አለ።

በር ላይ ተንጠልጥዬ የምጮኸውን ነገር አንድ ቦታ ኮምፒውተር በእንግሊዝኛ እየጮኸው ነው። ሰናይት ደግሞ አቃቂ ተወልዳ አድጋ፣ የወያላ እህት ሆና፣ ሮጣ ገባች።

መቀየር አይቻልም። ገንዘቡም አይመለስም። ሻንጣውም እንደማንኛውም ሰው ይመዘናል። "ሌላ ነገር አታደርግላትም?" ብለው "ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ" አለኝ። ይቺን ያዝኩለት።

ሐሙስ፣ የካቲት 17

ለእማዬ ነገርኳት። ቀልድ ልጨምርበት አስቤ ነበር፣ አልመጣልኝም።

ሰናይት ጋ ደወልን። ስልኩ ላይ አለቀሰች። "እማ ቅሪ፣ እግርሽ ይበልጣል" አለች። ወዲያው ደግሞ "ብቻዬን እፈራለሁ" አለች። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

እማዬ ስልኩን ለእኔ መለሰችና ጉልበቷን ታሽ ጀመር። "ዕድሜዬን ሙሉ ማሽን ሥር ቆሜ ሠርቻለሁ" አለች። "ተቀምጦ መሄድ ነው አሁን የሚያቅተኝ?"

"ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው?"

"ሐኪሙ ልጁ እየወለደች አይደለም።"

አለቀ። እማዬ እንዲህ ካለች ጠበቃም አይመልሳትም።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። ጎረቤት እንዳይሰማ። "ልጅቷ አራግፋ የገዛችው ነው፣ መሳቂያ እንዳታደርጋት።" ስለዚህ የሰዉን ሽሮና በርበሬ ተሸክሜ በየበሩ ስመልስ "ጉምሩክ ከለከለ" አልኩ። ሁሉም ጉምሩክን ሰደበ። ጉምሩክ ምን አደረገ። የሕፃኑን ካልሲ ብቻ እማዬ አልመልስም አለች።

አርብ፣ የካቲት 18

ተበቀልኩ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት የድሮውን ባለ አበባ የመስኮት መጋረጃችንን ይዤ ወጣሁ። ከጋቢናው ጀርባ በሲባጎ ወጠርኩት። ገላን ስንደርስ ዳዊት እንደ ልማዱ ቆሟል። የጋቢናውን በር ከፍቶ እንደገባ "ፕሪሚየም ገብቷል" ብዬ መጋረጃውን ሳብኩበት። "ወንበሩ ያው ነው፣ ሞተሩም ያው ይጠብሳል፣ ግን መጋረጃ አለው። አንድ ፕሪሚየም የቀረው!" ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ተማሪ "እኛ ምንድን ነን?" አለች። "እናንተ ኢኮኖሚ ፕላስ ናችሁ፣ ትርፍ የተጫነው ኢኮኖሚ ነው" አልኳት። እንዲህ ያለ ሳቅ ከባቡሩ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ሽፈራው ብቻ "ኋላዬን ጋረድከኝ እኮ፣ ይኼን ጨርቅ አንሳ" ይላሉ።

ዳዊት መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። "ለእናትህ በሁለተኛው አውሮፕላን ከግድግዳው ፊት ያለውን፣ ከፊቱ ሌላ ወንበር የሌለውን ጠይቄላት ነበር። እሱ ላይ እግር ትንሽ ይዘረጋል። ለካምፓኒው ሁለቴ ጻፍኩላቸው። ትናንት መለሱልኝ።"

"ምን አሉ?"

"ተሸጧል። ለእሱም ለብቻው ስም አውጥተውለታል።"

"ምን ብለው?"

"ኮምፎርት።"

ሰዉ አሁንም ይስቃል። መጋረጃውን አወረድኩት። ሳሪስ ሲደርስ ወርጄ በሩን እኔ ከፈትኩለት። ወያላ የጋቢና በር አይከፍትም፣ ጋሽ ሽፈራውም አንዳች ነገር የነካኝ መስሏቸው አዩኝ። ዳዊት አመሰግናለሁ እንኳን አላለም፣ ሱሪውን አራግፎ ሄደ። ያ ሰው ለምን ሁሌ ጋቢና እንደሚፈልግ አሁንም አላውቅም። አልጠየቅኩትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19

ሄደች።

በር ላይ ዊልቸር አመጡላት። አልቀመጥም ብላ ስትከራከር "ይኼኛው የእውነት ፕሪሚየም ነው፣ ተቀመጪ" አልኳት። ሳቀች፣ ተቀመጠች። ከበሩ ወዲያ አያስገቡም። ዊልቸሩን ያመጣው ልጅ እየገፋ ሲወስዳት ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ታስተካክል ነበር። የሐኪሙን ነገር ከጭንቅላቴ ማውጣት አቃተኝ። ደም ሲረጋ ያማል ወይስ ዝም ብሎ ነው? ጋሽ ሽፈራው በባዶ ታክሲ ወደ ቃሊቲ ሲመልሱኝ አንድም ሰው አልጠራሁም፣ እሳቸውም ጥራ አላሉኝም።

ሶፋዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኳቸው።

እሁድ፣ የካቲት 20

እስከ ቀትር ስልክ የለም። የላክሁትን መልእክት ሰናይት አላየችውም። ከበር እስከ ውኃ ቧንቧ ስመላለስ ዋልኩ።

ደወሉ። ደርሳለች። እግሯ አብጧል፣ ሰናይት "ዱባ አክሏል" ነው ያለችው። ከኤርፖርት በቀጥታ ሐኪም ቤት ወስዳታለች። መርምረው የረጋ ደም አልታየንም፣ ግን እግሯን ሰቅላ ትተኛ፣ በሦስተኛው ቀን ትመለስ ብለዋል። ሰናይት ገና አልወለደችም። ልታርስ የሄደችው እማዬ እሷው አራስ ሆና ተኝታለች፣ ነፍሰ ጡሯ ቆማ አጥሚት ትሠራላታለች።

እማዬን አገናኘችኝ።

"የመጀመሪያው ላይ አልጋው ነበረ?"

"ነበረ።"

"ታዲያ ተኛሽ?"

"ከጎኔ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ" አለች። "ክራባት ያደረጉ። ባዕድ ወንድ አጠገብ እንዴት ብዬ ነው የምጋደመው? አስተናጋጇ ወንበሩን ልትዘረጋልኝ መጣች፣ ግድ የለም አልኳት። ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።"

"መንገዱን ሙሉ?"

"ሁሉም ተኝቷል። እኔ እንደ ዘበኛ። ሁለተኛው ላይ እንኳ መብራቱ ጠፍቶ ሁሉም ሲያንኮራፋ ማን ያየኛል ብዬ ነበር። እዚያ ደግሞ አልጋ የለም።"

መጮህ አማረኝ። ግን በማን ላይ? ክራባት ያደረገ ሁሉ አለ ብዬ ያስፈራራኋት እኔ ነኝ።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "ስማ" አለችኝ። "እነ ሰዓዳ ከጠየቁህ፣ ተኝታ ሄደች በል። ልጅቷ ደክማበታለች።"

ሰኞ፣ የካቲት 21

ሥራ ገባሁ። ሰባት ሰው ሲጎድለን "አንድ ሰው የቀረው" አልኩ። ላልል አስቤ ነበር፣ ባቡሩ ሲያልፍ አየሁትና አልኩ። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ሮጠው ገቡ። ውስጡን አይተው እኔን አዩኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ዳዊት ጋቢና ተቀምጦ "እናትህስ?" አለኝ። "ደርሳለች" አልኩት። "እግራቸው?" ሲለኝ ነገርኩት። ክራባቱን እየነካካ እስከ ሳሪስ ሄደ።

ወደ ቤት ስመለስ እትዬ ሰዓዳ በር ላይ ጠበቁኝ።

"እንዴት ሆነች የኔ ዓለም? ተመቻት?"

"ተኝታ ሄደች" አልኩ። ምላሴ ለዚህ ለዚህ አይታማም።

"እግሯን ዘርግታ?"

"እስከ ጥግ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። "በቃ፣ ለልጄ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። ምንድን ነበር የሚባለው?"

ስሙን ነገርኳቸው።

"ፕሪሚየም" አሉ። እንዳይጠፋቸው እየደጋገሙት ወደ ቤታቸው ገቡ። በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፣ ጂዳ ደውለው ለልጃቸው ፊደል በፊደል ያስጽፉታል።

ሐጅ ገና ነው። እስከዚያ እነግራቸዋለሁ። ወይ ደግሞ የእማዬ እግር እብጠቱ ጎድሎ ስትመለስ እሷው ትንገራቸው፣ ደፍራ ከነገረቻቸው።

እማዬ ሐኪም ቤት ተመልሳ ስልክ የሚደወልልኝ ነገ ነው።