የግራ እግሬ ካልሲ

ውድ ሩዲ፣

ተቀመጥ። ይህ ቆመው የሚያነቡት ደብዳቤ አይደለም። ተቀመጥክ? እንግዲያው ስማ። ለኮልተን ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ለከሰል ማዕድን ሠራተኞች፣ ለመበለቶችና ለውሾች ሳይቀር በታላቅ ሐዘን እንደሚገለጸው፣ የኤሚል ህሪንኮ የግራ እግር ካልሲ ዛሬ ማለዳ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቧል። አስከሬኑ በአሁኑ ሰዓት ጓሮ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። አበባ መላክ አያስፈልግም።

ስትስቅ ሰማሁህ። ከዚያ ደግሞ ዝም ስትል ሰማሁህ። ያ ካልሲ ምን እንደሆነ ታውቃለህ! ነገሩ የጀመረ ዕለት እግሬ ላይ የነበረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወልቆ አያውቅም።

ነገሩ እያልኩ ነው የምጠራው፤ የጠራው ሰው ዕድሉን ያበላሻልና ሙሉ ስሙንም ቁጥሩንም አልጽፍም። ከግንቦት ጀምሮ በየቤዝቦል ጨዋታው ቢያንስ አንዴ ኳሷን በዱላ መትተህ፣ ሮጠህም የመጀመሪያውን ማረፊያ፣ ቤዙን፣ ሳትረግጥ የወጣህበት ቀን እንደሌለ፣ አንድ ቀን ባዶህን ብትወጣ ሁሉም ተንዶ ከዜሮ እንደሚጀምር፣ በዚህ ከተማ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አፉን ከፍቶ የሚናገር ግን የለም። አባ ስቴፋን እንኳ ነገሩ የጀመረ እሑድ ስለ ስስት ሰብከው ነበርና እስከ ዛሬ ስለ ስስት እየሰበኩ ነው። ስስታም የሚባል ሰው ከከተማው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ልማዳችንን ደግሞ አትርሳ። ማንበብ ከቻልክበት ጊዜ ጀምሮ በምጽፍልህ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ውሸት አለ፤ እሱን ፈልጎ ማግኘት ያንተ ሥራ ነው። በዚህኛውም ውስጥ አንድ አለ። አንድ ብቻ። እያነበብክ ፈልግ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ብሩሽ ሻጭ መንገደኛ ጋስ ፀጉር ቤት ገብቶ ጢሙን ሊላጭ ተቀመጠ። ሬዲዮው ያንተን ጨዋታ ሊጀምር ነው። እኛ ሁላችን እንደ ወትሮው በየወንበራችን ነን፤ ቦታ መቀያየር ክልክል ነው። ሰውዬው ፊቱን አረፋ እንደተቀባ፣ "ይሄ የእናንተ ልጅ እንግዲህ ዛሬ ከመታ..." ብሎ ቁጥሩን ጠራው!

ጋስ ምላጩን አስቀመጠ። "ጌታው፣ ተነስ።"

"ኧረ ግማሹን እኮ ነው የላጨኸኝ!"

"ግማሹን በነፃ ነው። ውጣ።"

"ሰዎች፣ አብዳችኋል እንዴ?"

"አዎ። በሩ በዚያ በኩል ነው።"

ሰውዬው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ወጣ። እኛም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ግን ልንገርህ፤ ያን ቀን እስከ መጨረሻው የመምቻ ተራህ ድረስ አልመታህም ነበር። ጋስ መልሶ ያነሳውን ምላጭ እንደጨበጠ ቀርቶ መዳፉን ቆርጦታል፤ ያወቀው ግን ከመታህ በኋላ ነው። ከፀጉር ቤቱ ስወጣ ይህ ደስታ ነው ወይስ ሌላ ነገር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

አያትህ ኢርማ በበኩሏ ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጣ ነው የምታበላኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ካልሲው ይውጣ ወይ አንተ ውጣ!"

"የልጅ ልጅሽ ዕድል እኮ ነው እግሬ ላይ ያለው።"

"የልጅ ልጄ ዕድል እንዲህ ከሸተተ፣ ሞቷል ማለት ነው።"

ለጨዋታ ነው ያለችው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ሁለታችንም ወደ ሳህናችን አቀረቀርን። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ማንም ማንኪያ አላነሳም።

ታዲያ ለምን አጠብኩት? ሐሙስ ዕለት አንተ ዘንድ መጥቼ ስለነበር ነው።

ከዚያ በፊት ዘንድሮ ስትጫወት የተከታተልኩህ በሬዲዮ ብቻ ነበር። ኳሷ ጆሮህ ላይ ያረፈችብህንም ቀን የሰማሁት በሬዲዮ ነው፤ የራስ ቁርህ በማይሸፍነው በኩል። አስተላላፊው "ተነሳ! ሳቀም! ቆቡን አነሳ!" ሲል ጋስ ፀጉር ቤት በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ መታህ፤ በሚቀጥለውም መታህ። ቀስ እያለ አስተላላፊው ስለ አዲሱ አቋምህ ማውራት ጀመረ። አንገቱን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ለኳሷ ጆሮውን የሰጣት ይመስላል አለ። እኛ ዘንድ ያሉ ሕፃናት ይህን ሰምተው አሁን ሜዳ ላይ ሲሰለፉ ብታያቸው! ሁሉም አንገታቸውን ሰብረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥሬ እንዳየች ዶሮ። እኔም ስቄባቸዋለሁ። ይህ ሁሉ ስትጫወት በዓይኔ ሳላይህ ነው።

ሐሙስ አየሁህ። ሁለተኛው ተራህ ላይ መታህ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ እኔ ግን ተቀምጬ ቀረሁ። ያንን አንገት አውቀዋለሁ፣ ሩዲ። ሕይወቴን ሙሉ አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው ያየሁት።

ከጨዋታው በኋላ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ስንገናኝ እጅህን ዘረጋህልኝና መጀመሪያ አየር ጨበጥክ። አስታወስክ? በእኔ ለማሾፍ ያደረግከው አስመሰልክ። ከዚያ ለስላሳ መጠጡን ስትቀዳልኝ ግማሹን ጫማዬ ላይ አፈሰስከው።

"አንገትህን ምን ነካው?" አልኩህ።

"አዲስ አቋም ነው፣ ዴዶ። አሰልጣኙ ራሱ ለሌሎቹ እያስተማረው ነው።"

"ዓይንህስ?"

"ዓይኔማ ተባርኳል። ኳሷ መንታ ወልዳለች!" ብለህ ሳቅክ። "ሁለት ሆና ነው የምትመጣው። የታችኛዋን እመታለሁ፣ የላይኛዋን ለሚፈልጋት እተዋታለሁ።"

እኔ አልሳቅኩም። ዴዶ አያቴ አረጀ ብለህ ይሆናል። ያን ቀልድ ቀድሞ የሰማሁት መሆኑን በምን ታውቃለህ?

ኦቲስ ክሬልን ታውቀዋለህ፤ ያው የእንቁራሪቱ ኦቲስ። እኔ ከመቺው ጀርባ ኳስ ተቀባይ፣ እሱ መቺ ሆነን በአንድ ቡድን ስንጫወት፣ ጫማው ውስጥ እንቁራሪት ጨምሬበት በአንድ እግሩ ሜዳውን የዞረውን ታሪክ ስንቴ አስደግመኸኛል? "ከዚያ በኋላ ኦቲስ ምን ሆነ?" ስትለኝም፣ ኦሃዮ ሄዶ ባርኔጣ ነጋዴ ሆነ እልህ ነበር። ያንን ውሸት አንድም ቀን አላገኘኸውም።

ኦቲስ ኦሃዮ አልሄደም። የእንቁራሪቱ በጋ እሱም በነገሩ ውስጥ ነበር፤ እንዳንተ ረጅም። በእኛ ጊዜ የራስ ቁር የሚባል አልነበረም፣ የጨርቅ ቆብ ብቻ ነው። አንድ ቀን ኳሷ ከጆሮው ኋላ አገኘችው። ተነሳ፣ ሳቀ፣ ቆቡን አነሳ። ከዚያ ወዲያ አንገቱ መዘንበል ጀመረ። እየመታ ስለሆነ ሁላችንም ምስጢሩን ያገኘ መሰለን፤ ግማሹ ቡድን አንገቱን አዘነበለ። የተጫዋቾችን ልማድ ታውቃለህ፤ በነገሩ ውስጥ ያለ ሰው አይነካም፣ አይጠየቅም፣ አጠገቡ አይቀመጡም። ከአግዳሚው ጫፍ ብቻውን ተቀምጦ ውሃውን ከብርጭቆው ጎን ሲያፈስ እኛ በአክብሮት ዞር እንልለት ነበር።

እኔ ግን አንድ ክፍል አብሬው ስለማድር ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ኦቲስ፣ ታመሃል" አልኩት።

"ማን ነው ያለው?"

"እኔ ነኝ ያልኩት። ሸሚዝህን ስትቆልፍ ቁልፉን ትስተዋለህ። ሁለት ሁለት ነው የምታየው።"

"ሁለት ካየሁማ አንዱን መምታት አይቀልም?" አለና ሳቀ። "አንተ ኤሚል፣ ትናንት ጫማዬ ውስጥ እንቁራሪት የጨመርክ ሰውዬ፣ ዛሬ ሐኪም ሆንክ?"

"የእናቴን ስም ጠርቼ እምልልሃለሁ።"

"ባለፈውም በእናትህ ስም ነው የማልክልኝ። እንቁራሪቱ የለም ብለህ!"

ወደ አሰልጣኙ ሄድኩ። እሱ ደግሞ ነገሬን ሳይሰማ ነው መሳቅ የጀመረው። "እሺ ኤሚል፣ የዚህ ቀልድ መጨረሻው የቱ ጋ ነው?" አለኝ። እንባዬ ሲመጣ እያየ፣ ጎበዝ ተዋናይ ነህ ብሎ ትከሻዬን መታኝ።

ያን ዕለት ኦቲስ በመጀመሪያ ተራው መታ። ሕዝቡ ተነሳ፤ ነገሩ ቀጠለ። ሁለተኛው ተራው ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከኳስ ወርዋሪው ትከሻ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኳሷ ከእጁ አምልጣ ወደ ላይ መጣች። ከባድ አልነበረችም። ማንኛውም መቺ ጎንበስ ብሎ የሚያሳልፋት ናት። ኦቲስም ጎንበስ አለ። ያያትን ኳስ ሸሻት፣ ሩዲ። በትክክል ሸሻት። የሸሻት ግን ያልነበረችዋን ነው፤ ጭንቅላቱን አምጥቶ የሰጠው ለእውነተኛዋ ነው።

ድምፁን አልጽፍልህም። ቆቡ ከራሱ ላይ ሳይነቃነቅ ነው እሱ የወደቀው። ዱላውን ከእጁ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ነበረብኝ። አልተነሳም። በማግስቱም አልተነሳም። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ከዚያ ወዲህ የሚያስፈራኝ ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ያን ዕለት መትቶ ነበር። በሕጉ ነገሩ አልተቆረጠም። የኦቲስ ክሬል ነገር እስከዛሬ አልተቆረጠም። ጋስ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ያንተ ተራ ሲደርስ፣ ኦቲስ ከአግዳሚው ጫፍ ቦታ ይዞ የሚጠብቅህ ይመስለኛል።

ዓርብ ዕለት ለአሰልጣኝህ ስልክ ደወልኩ። አምና "ከፕሬዝዳንቱ ቢሮ ነው፣ እንዳይዘጉ" ብዬ ሩብ ሰዓት ቀጥ አድርጌ ያቆምኩት ሰውዬ ነው። ድምፄን ገና ሲሰማ፣ "ደግሞ ዛሬ ከማን ቢሮ ነው?" አለኝ። ልጁ ሁለት ያያል፣ ሐኪም ይየው አልኩት። "አቶ ህሪንኮ፣ ሁለት እያየ እንዲህ ከመታ እግዜር ለሁሉም ሁለት ሁለት ባሳያቸው!" ብሎ እየሳቀ ዘጋው። የስልኩን እጀታ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያንኑ ሳቅ ነው የሰማሁት፤ ሰውዬው ብቻ ነው የተለወጠው።

የምትለውን አውቃለሁ። ከትልቁ ሊግ የመጣው መልማይ እስከ ወሩ መጨረሻ ያየኛል፤ ታምሜያለሁ ካልኩ ሌላ ልጅ ይዞ ይሄዳል ትላለህ። ይዞ ይሂድ። ያልተጫወትክበት ቀን በሕጉ አይቆጠርብህም። ግን ይህን ስልህ ደግሞ "መቺ ከተቀመጠ ይበርዳል" ትለኛለህ። ኦቲስም እንደዚያ ይል ነበር። እኔ ደግሞ የበረደውን ኦቲስ ተሸክሜዋለሁና የቱ ብርድ እንደሚብስ ከአንተ በላይ አውቃለሁ።

ደብዳቤው ሰኞ ይደርስሃል ብሎኛል ፖስተኛው። የማክሰኞው ጨዋታ የሚጀምረው ወደ ማምሻው ነው፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል።

አሁን ወደ ልማዳችን እንመለስ። አንድ ውሸት አለ ብዬህ ነበር። ከላይ ጀምረህ እየፈለግህ መሆንህን አውቃለሁ፤ ኦቲስ ላይ ስትደርስ ደግሞ "አገኘሁት!" ብለህ እንደተነፈስክ ይታየኛል። ዴዶ እኔን ለማስፈራራት ገደለው ብለሃል። እኔም እንደዚያ ቢሆን ምን ነበረበት! ፈልገህ አታገኘውም ብዬ ሳይሆን፣ በዚህ ቀልድ እንዳትሳሳት ራሴ እነግርሃለሁ።

ውሸቱ ካልሲው ነው።

አልታጠበም። አሁን ይህን ስጽፍ እግሬ ላይ ነው። ነገርህን ልቆርጥልህ ብዬ ዛሬ ማለዳ ሳፋው ድረስ ሄጄ ነበር። ሳሙናውን ይዤ ጎንበስ አልኩና፣ ሽማግሌው እጄ እንደ ሕፃን ፈራ። በእኔ ካልሲ ምክንያት ባዶህን ስትወጣ ታየኝ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ልቆርጠው አልችልም፣ ሩዲ። ነገሩን ማቆም የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱም አሁን ይህን ወረቀት አንገቱን አዘንብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እያነበበ ነው።

ሌላው ሁሉ እንደተጻፈው ነው።

ሐኪሙ ዘንድ ቁጭ ብለህ ደውልልኝ። እስከዚያ አያትህ የካልሲውን ማጠቢያ ውሃ ጥዳ እየጠበቀች ነው።

አንድ እግሩ የሚሸት፣
ዴዶህ ኤሚል