በባዶ ፎርም ላይ የፈረምኩት

ኦክቶበር 6
ዝናብ። አውቶቡሱ ዘገየ። ኩርቲስ ግን ቀድሞኝ የሆቴሉ ላውንድሪ በር ላይ ቆሟል፣ ባጁን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ። "አረፈድሽ ሎርና" አለኝ። በሠላሳ ዓመቱ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራው ስለሆነ በሰዓት ቀልድ አያውቅም። እሱ ፎጣ ያጥፋል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ አለማምደዋለሁ። ድርጅታችን እንደሱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ሥራ ያስገኛል፣ ራሳቸውን እስኪችሉም አለማማጅ ይመድብላቸዋል። ለዚህ ደመወዝ ይከፈለኛል! ስምንት ዓመት ካሸር ሆኜ ስሠራ እንዲህ ያለ እንጀራ መኖሩን ማን ነገረኝ?... ቬልማ ናታ። አሁን አለቃዬ ናት፤ ያኔ ዳቦ ልትገዛ የምትመጣ ደንበኛ ነበረች። "አንቺ ለሰው ትዕግሥት አለሽ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? የኛ ሥራ ያስረጃል እንጂ አያሰለችም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ኦክቶበር 14
መራቅ ጀመርን። አሠራራችን እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጎኑ፣ ከዚያ በሩ ጋ፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ፣ በመጨረሻ ጭራሽ መቅረት። ችኮላ የለም። ዛሬ በሩ ጋ ቆምኩ። ኩርቲስ በየአምስት ደቂቃው ዞር ይላል።
"አለሽ?"
"አለሁ።"
"ሳትነግሪኝ አትሄጂም?"
"ሳልነግርህ አልሄድም።"
የሚደነግጠው ማሽኑ ሲጮኽ ብቻ ነው። ጆሮውን ይዞ ይወጣል። አብሬው እስከ አስር እቆጥራለሁ፣ ይመለሳል። ለቬልማ ነገርኳት።

ኦክቶበር 24
ቬልማ ስድስት የፋይል መዝጊያ ፎርም አመጣች፤ አንድ ሰው ራሱን ችሎ አለማማጅ ሳያስፈልገው ሲቀር የሚሞላ ነው። ባዶ። "ፈርሚልኝ የኔ ቆንጆ፣ በኋላ ስንፈላለግ እንዳንውል።" እዚህ ቤት ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ፈረምኩ። በጃንዋሪ ቋሚ እንደምታስደርገኝ ነገረችኝ... ደስ ብሎኝ ሁለት ዶናት በላሁ።

ኖቬምበር 3
ሌላ ቦታ ተመደብኩ። መጋዘን፣ ከተማው ዳር። "ኩርቲስስ?" አልኳት። "ሌላ ሰው ይተካሻል፣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ" አለችኝ። ቬልማ ካለች አለች።

ኖቬምበር 12
ኩርቲስ ተባረረ።
የላውንድሪው ኃላፊ በርኒስ ናት የደወለችልኝ። "ራሱን ችሏል ብለሽ ፈርመሽ የለ እንዴ? ማሽኑ ሲጮኽ ወጥቶ ይሄዳል። ሁለቴ በረዶ ላይ ያለ ጃኬት አገኘነው። እኔ ምን ላድርግ?"
ይተካሻል የተባለው ሰው አንድ ቀን እንኳ አልሄደም። እኔ ደግሞ መቼ ነው የፈረምኩት?... ፈርሜያለሁ። ወይኔ! ፈርሜያለሁ።

ኖቬምበር 13
ቬልማ ቢሮ ገባሁ። ፎርሙን በኩርቲስ ስም ለምን እንደሞላችው ጠየቅኳት።
"በጀት ለሚሰጡን ራሳቸውን ቻሉ ብለን የምናቀርባቸው ሰዎች አነሱን። እሱ ደግሞ ደህና ነበር፤ አንቺው አልነበርሽ የምታሞግሺው?"
"ስለ ጩኸቱ ነግሬሽ ነበር።"
"ነገርሽኝ እንጂ አልጻፍሽውም። ፊርማውስ የማን ነው?"
ፈገግ ብላ ነው ያለችኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ከእናቴ አስበልጬ ያመንኳት ሴት... ስወጣ ደግሞ፣ "ከካሸርነት ያወጣሁሽ እኔ ነኝ፣ እንዳትረሺ።" መች ረሳሁት? የሚያቃጥለኝስ እሱ አይደል?

ኖቬምበር 15
ኩርቲስ ቤት ሄድኩ። በሩን ገርበብ አደረገው።
"ቬልማ ወረቀቱን አሳየችኝ።"
"ባዶ ነበር ኩርቲስ፣ እኔ እኮ..."
"ፊርማው ያንቺ ነው?"
"የኔ ነው።"
"ሳልነግርህ አልሄድም ብለሽኝ ነበር።"
ዘጋው። እኔን የከዳችኝ ቬልማ ናት፤ እሱ የሚያውቀው ከዳተኛ ግን እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኖቬምበር 17
ለድርጅታችን ዳይሬክተር ሁሉንም ጻፍኩ። ባዶ ፎርም መፈረሜንም አልደበቅኩም። ቋሚነቱ ቀረ ማለት ነው። ይቅር።

ዲሴምበር 1
ፋይሎቹ ሲፈተሹ እንደ ኩርቲስ ፋይላቸው ያለ አግባብ የተዘጋባቸው ሌሎች አራት ሰዎች ተገኙ። ቬልማ "እረፍት" ወጣች። ባልደረቦቼ ዘጉኝ፤ ምሳዬን ብቻዬን ነው የምበላው። እነሱም እኮ ፈርመዋል...
ከሥራ በኋላ በርኒስን ሄጄ ለመንኳት። "አጠገቡ ሰው ካለ ይምጣ፤ እንደሱ ፎጣ የሚያጥፍ የለኝም" አለች። እዚያው ልስማት ምንም አልቀረኝ!

ዲሴምበር 9
ኩርቲስ ሥራ ተመለሰ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፦ ሎርና አትምጣ።
ስለዚህ አብራው የሄደችው አዲሷ ሠራተኛ ኢንግሪድ ናት። ከመሄዷ በፊት የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ቆጠራው፣ ሰው ሳይሰናበተው ሲሄድ ምን እንደሚሰማው።
"እንዲህ እያወቅሽው ለምን አንቺ አትሄጂም?" አለችኝ።
"አልፈልጋትም ብሏል" አልኳት።
ኮንትራቴ በማርች ያልቃል። ሌላ ድርጅት አመለከትኩ፣ ለዚሁ ሥራ። ሌላ ሥራ አልፈልግም፤ ቬልማ ዋሽታኛለች፣ ሥራው ግን አልዋሸኝም።
ከሰዓት በኋላ ኢንግሪድ ደወለች። ማሽኑ ሲጮኽ ወጥቷል፣ ተመልሷል፣ ሰዓቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄዷል። "ስለ እኔ ምን አለ?" ልላት አፌን ከፈትኩና... "ጎበዝ፣ ነገም ከጎኑ ሁኚ" አልኳት።