ጊታርህን ብለህ እንዳትመጣ

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.

ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የዱከም ሙቀት፣ የፋብሪካው ሥራስ እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ስለ እናታችን አታስብ።

ጊታሬን በሚኒባስ ላኪልኝ ያልከው ደርሶኛል። አልላክሁትም፤ ቤትም የለም። እንዳትቆጣኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ለልምምድ ስትመላለስ ያንን ረጅም ጥቁር ቦርሳ አንግተህ ያየህ ሰው፣ የወጣህበት ሰልፍ ከተበተነና አንተ ከሸሸህ በኋላ፣ "እነዚህ ቤት መሣሪያ አለ" ብሎ ጠቆመብን። ሰፈራችን ቤዝ ጊታር የት ያውቃል!

ፈታሾቹ ሲመጡ እናታችን ቦርሳውን ፍራሽ ሥር ከታ ተኛችበት። አስበው፣ "አራት ክር ብቻ? ክራር እንኳ ስድስት አለው" እያለች ስታሾፍብህ የነበረችው! ተነሺ ቢሏት "የልጄ ነው፣ አልነሳም" አለች። ባትደብቀው ኖሮ አይተውት ይሄዱ ነበር። ጎትተው አወረዷት። ወገቧን አመማት፤ ሌላውን ስንገናኝ ትሰማዋለህ።

ዚፑን ሲከፍቱ ጠመንጃቸውን ደግነው ነበር። ጊታር መሆኑን ሲያይ አንዱ ሳቀ። አለቃቸው ግን አልሳቀም። አንድ ፈረንጅ የሮክ ተጫዋች በስሙ ያሠራው ጊታር ነው እያልክ የምትኮራበትን ፊርማ በጣቱ እየዳሰሰ፣ "ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይውሰድ" አለና ይዞት ሄደ።

ወንድም ጋሼ፣ እፈራለሁ። የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች ከደጃችን አይጠፉም። ድንኳኑ ውስጥ ሳይቀር ገብተው የመጣውን ሰው ሁሉ ፊት ያያሉ። ድንኳኑ የጎረቤት ነው፣ አትደንግጥ። ጓደኛዬ ወርቅቱም ብቻዬን እንዳልሆን ብላ እኔ ጋ ታድራለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ትርክክ ይላል። የሚጠብቁት አንተን ነው። አንተን ከያዙህ እኔ ማን አለኝ?

እናታችን ትመርቅህ በነበረው ቃል ልመርቅህ፦ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ የጠላትህን እግር ይሰር፣ ካለህበት በሰላም ያውልህ።

ለጊታሩም ሆነ በምትሰማው ወሬ ተነሥተህ እንዳትመጣ። የሰፈራችን ኦቦ ዲሪርሳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አንተው ዘንድ ይመጣሉ። ሳይነጋ ነው የሚደርሱት። በሩን ክፈትላቸው፤ "ጃባዹ፣ በርታ" ሲሉህም እሺ በላቸው። አደራህን፣ እዚያው ሁን።

ታናሽ እህትህ