በቢጫ መነጽር የተኮስኳቸው አሥር ጥይቶች

ማክሰኞ

«መነጽር ያልያዘ አይተኩስም። ከአሥር ስድስት ያልመታ ደግሞ መሣሪያውን አስረክቦ ይሰናበታል!» አለቃችን ይህን ብሎ ሻዩን ፉት አለ። እኔ ክው አልኩ። የዚህን የሰበታ ፋብሪካ በር ሰባት ዓመት ስጠብቅ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ፈተናው ሐሙስ፣ ሱሉልታ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሌላ ሥራ የለኝም።

የፈረቃ ጓደኛዬ ኦቦ ገመዳ ሳቁብኝ። ጠመንጃ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ዘኑ፣ አንቺ ታልፊያለሽ» አሉኝ።

መነጽሩ ዓይንን ከቀለሃና ከፍንጣሪ እንዲከልል ነው። ቀለሙን ግን ራሳችሁ ምረጡ ተባልን።

ረቡዕ

ከኦቦ ገመዳ ጋር ቡራዩ ሄድን፣ የብየዳ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ። ባለሱቋ አራት ዓይነት ደረደረችልን።

ነጩ፦ ዓለም እንዳለች ነች።
ጥቁሩ፦ ለፀሐይ ይሆናል። በሱሉልታ ጭጋግ ማንን ላይበት?
ቡናማው፦ አማረብኝ። ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።
ቢጫው፦ ኧረ ጉድ! ደመናው በራ፤ ማዶ ያለው ጥቁር ጽሑፍ ጎልቶ ወጣ።

ባለሱቋ አንዱን መሬት ጥላ በተረከዟ ረገጠችው፤ አልተሰበረም። ቢጫውን ያዝኩ። ኦቦ ገመዳ አንዱንም ሳይሞክሩ ነጩን ኪሳቸው ከተቱ። «ሽማግሌ ምን ቀለም ያማርጣል?» አሉ።

ሐሙስ

ዜሮ! ከአሥር ዜሮ!

ጠዋት ጭጋግ ነበር። ለእኔ ሰባት ቁጥር፣ ለኦቦ ገመዳ ከጎኔ ስምንት ቁጥር ሰሌዳ ደረሰን። መነጽሬን ከመኪና ሳልወርድ ነው ያጠለቅኩት። ነጩ ሰሌዳ ላይ ያለው የዒላማው ጥቁር ክብ ጥርት ብሎ ታየኝ። የሰሌዳዎቹ ቁጥር ግን አልታይ አለኝ። ጭጋጉ ነው ብዬ ፊት ለፊቴ በመሰለኝ ላይ አነጣጠርኩ። አንዷንም የሳትኩ አልመሰለኝም።

ሰሌዳዎቹ መጡ። የእኔ ንጹሕ ነው፣ የመርፌ ቀዳዳ የለውም። የኦቦ ገመዳ ላይ አሥራ ሁለት ቀዳዳ! አሥሩ መሀሉን ከበውታል፣ ሁለቱ ዳር ላይ ናቸው። ፈታኙ ቆጠረና «አሥሩ የእሳቸው ነው። ዳር ያሉት ሁለቱ ያንቺ ይሆናሉ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦቦ ገመዳ ብቻ አልሳቁም፤ ጫማቸውን ያያሉ።

ዓርብ

ማታ መሣሪያዬን አስረክባለሁ፣ የመጨረሻ ፈረቃዬ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በንዴት መነጽሩን አጠለቅኩት። ነጩ ግንብ ላይ በቢጫ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነበር። የለም! አወለቅኩት፣ አለ። አጠለቅኩት፣ የለም። እንደ እብድ ደጋገምኩት።

አለቃዬ ቢሮ ሮጥኩ። «የሰሌዳዎቹ ቁጥር በምን ቀለም ነበር የተጻፈው?»

«በቢጫ ነዋ!»

ቁጥሩን የደበቀብኝ መነጽሬ ነው፤ የጎረቤቴን ሰሌዳ ነው የተኮስኩት! አለቃዬን ጎትቼ አምጥቼ መነጽሩን አስጠለቅኩት። ግንቡን እንዳየ ለፈታኙ ደወለ፣ ነገ ሁለታችንም እንደገና እንድንተኩስ ተባለ። ኦቦ ገመዳ «ጥሩ ነው» አሉ፣ በቀስታ። ከደስታዬ ብዛት ፊታቸውን እንኳ አላየሁም።

ቅዳሜ

ነጭ መነጽር ተውሼ ተኮስኩ። ስምንት! ሥራዬ ተረፈ። እልል ልል አፌን ስከፍት የኦቦ ገመዳ ሰሌዳ መጣ።

ሁለት ቀዳዳ፣ እሱም ዳር ላይ።

መሣሪያቸውን እዚያው አስረከቡ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ቀኝ ዓይኔ ደክሟል፣ ሁለት ዓመት አለፈው» አሉኝ። «ክቡ ጭስ ነው የሚመስለኝ። ሐሙስ ዕለት አሥሩ ያንቺ መሆናቸው ገብቶኝ ነበር። ጡረታዬ አንድ ዓመት ቀረው ብዬ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

አውቀው ነው! እኔ ስባረር ሊያዩ! ያስተማሩኝ ሰው! ፊቴን አዞርኩባቸው። መስኮቱን እያየሁ ሰበታ ደረስን።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስናደድ፣ ስናደድና ሳዝን ዋልኩ። እኔ ብሆንስ? እናገር ነበር? ልጆቼን አየሁና መልሱን ተውኩት።

አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። የኦቦ ገመዳ ባለቤት፣ አዴ ጫልቱ ናቸው።

«ዘኑዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ገመዳ ነገረኝ፣ ሁለታችሁም አለፋችሁ አሉ። በሬ እንኳ በዚህ ዕድሜው ይደክመዋል እኮ፣ እሱ ግን አለፈ! ተመስገን ነው።»

«አሜን፣ እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አልኳቸው። ምን ልበል?

ነገ ማለዳ ኦቦ ገመዳ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ከቤት ይወጣሉ ማለት ነው። የት ሊውሉ?